ያስታወሰ ይግረፍ

ጎረቤቴ በየማለዳው የዕለቱን የግዕዝ ጸሎት በቴፕ ትከፍታለች። ከንፈሬ ሳላዘው አብሮ ይሄዳል። ማክሰኞ ማክሰኞ ግን ጸሎቱ አንድ ቦታ ሲደርስ ከንፈሬ ይዘጋል።

ፊደል የቆጠርሁት በሠላሳ ዓመቴ ነው። ጸሎቱን ግን በአሥራ ሁለት ዓመቴ፣ ናዝሬት፣ ከየኔታ አጥር ውጭ በቆሎ እየፈለፈልሁ በጆሮዬ ተማርሁት። የኔታ ዐይነ ስውር ነበሩ። ከመምህራቸው በቃል የተቀበሉትን በቃል ያቀብላሉ፤ አንዲት ቃል ብትጎድል ያማቸዋል። ከመንገዱ ማዶ የሼኹ ደረሶች ቁርአናቸውን ሲያወርዱ ይሰማል። እዚያም ልምጭ ነበረ።

የየኔታ ሕግ አንድ ነው፤ ቃል የጠፋበትን፣ ቃሉን ያስታወሰው ይገርፈዋል።

በሰኔ፣ አቧራው ገና ዝናብ ሳያገኘው፣ ታላቅ ወንድሜ ደጀኔ የማክሰኞውን ሲያወርድ መሐል ላይ ቆመ። ባለፈው ሳምንት የተገረፈው ጀርባው ገና አልደረቀም። ሌላው ሳይቀድም ላድነው ብዬ በአጥሩ ቀዳዳ ቃሉን ሹክ አልሁት።

የኔታ ጆሯቸውን አቀኑ። «ማነው እሱ?»

«እህቱ ናት» አለ አንዱ ተማሪ። «ደጀኔ፣ አንተ በቆሎውን ፈልፍል፣ እሷ ትማር።» ሳቁበት።

«ቃል ሴት ወንድ አያውቅም» አሉ የኔታ። «ግቢ፣ ልጄ። አሥር።»

አራት ሆነው እጅና እግሩን ይዘው በሆዱ አስተኙት። አለንጋውን እንደ ነገሩ አሳረፍሁ።

«ዝንብ ነው የምታባርሪው?» አሉ የኔታ። «ይህ አይቆጠርም።»

«በደንብ ምቺና ይለቅልኝ» አለ ደጀኔ፣ አፉ አፈር ላይ ተደፍቶ።

መታሁ። በአራተኛው የድሮው ቁስል ተከፈተ፤ ደሙ ቀሚሴ ላይ ተረጨ። በሰባተኛው ማልቀሴን አቆምሁ። እውነቱን ልጻፍ፦ ከአጥር ውጭ ያስቀመጡኝን ሁሉ የምመታ መስሎኝ ክንዴ ደስ አለው። አሥር ሲሞላ የኔታ «በቃ» አሉ። አንድ ጨመርሁ።

ደጀኔ ተነሥቶ አየኝ። «አሥራ አንድ» አለ። በማግስቱ ደራ ሄዶ ለነጋዴ አህያ ነጂ ሆነ።

ዛሬ ሁለታችንም ሸምግለናል። ባለፈው ማክሰኞ ከደራ መጥቶ ቂንጬ ስንበላ ቴፑ እዚያ ቦታ ደረሰ። ደጀኔ ማንኪያውን አስቀምጦ ቃሉን ከቴፑ ቀድሞ፣ ጥርት አድርጎ አለው። ከዚያ እኔን ጠበቀ።

«ጠፋብሽ?»

«ጠፋብኝ።»

«ያስታወስሁት እንግዲህ እኔ ነኝ» አለና የቂንጬውን ሳህን ወደ እኔ ገፋው።

ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። አሥሩን የኔታ አዘዙ፤ አሥራ አንደኛዋ ግን የራሴ ነበረች።