የየኔታን ድምፅ ከከበሮው መለየት አልቻልንም

«ከበሮውን ስቀንሰው የየኔታም ድምፅ አብሮ ይሄዳል፤ ምን ላድርግ መሪጌታ?» አለችኝ ዛሬ ረፋዱ ላይ፣ እዚህ ደብረ ማርቆስ ስቱዲዮ ውስጥ ድምፅ የምታቀናብረው ሰላማዊት።

«እስቲ ደግመሽ አሰሚኝ» አልኋት።

ዲማ ላይ ዜማ ያስተማሩኝ የኔታ አምና አርፈዋል። ከድምፃቸው የቀረን ማኅሌት ሲቆሙ የተቀረጸው ይህ አንድ ቅጂ ብቻ ነው። ሴት ልጃቸው እሑድ በሙት ዓመታቸው ለጉባኤው እንዲሰማ አደራ ብላኛለች።

የየኔታ ድምፅ ወፍራም ነው፤ ከበሮውም እንደዚያው። ሁለቱ በአንድ የድምፅ ሞገድ ላይ ስለሚጋፉ ቃሉ አይለይም። ሰላማዊት ፕለጊን የሚሉትን የኮምፒውተር መሣሪያ ከፍታ ያንን ሞገድ ቆረጠችው። ከበሮው ደከመ፤ የመምህሬም ድምፅ ከስልክ እንደሚወጣ ድምፅ ቀጠነ።

«እኚህማ የኔታ አይደሉም» አልኋት።

«ለየብቻ ቢቀረጹ ኖሮ እኮ በአንድ አፍታ አስታርቃቸው ነበር! ለመሆኑ በአንድ ማይክሮፎን ይቀረጽ ያለው ማን ነው?»

እኔ ነኝ። ቀራጩ ሁለት ማይክሮፎን ይዞ ቢመጣ፣ «ማኅሌት ተከፋፍሎ አይቀረጽም» ብዬ አንዱን አስመለስሁት።

የኔታ ግን «ተወው እንጂ ልጄ፣ ሰውየው ሥራውን ያውቃል» ብለውኝ ነበር። ለደቀ መዛሙርቴ ስለ ትሕትና ሳስተምር ዘመኔን የፈጀሁት እኔ፣ እርሳቸውን አልሰማሁም።

ወዳጆቼ፣ እንደ እኔ የሟች አደራ በእጁ የተበላሸበት ካለ ይጻፍልኝ። ለሟቹ ቤተሰብ ምን ብሎ እንደ ነገራቸው ማወቅ እሻለሁ።