የቀረጽኩት እኔ ነኝ

አንድ ነገር አስቀድሞ ይታወቅልኝ፤ ያንን ቪዲዮ የቀረጽኩት እኔ ነኝ። ጓደኛዬ አይደለም። እሱማ ስልክ ቀጥ አድርጎ መያዝ እንኳን የማያውቅ ሰው ነው። በሰርጌ ቀን "አምጣ፣ እኔ ላንሳችሁ" ብሎ ተቀብሎኝ፣ ጣቱን ሌንሱ ላይ ጋርጦ የሚዜዎቼን ጭፈራ እንዳለ አበላሽቶብኛል። እንዲያም ሆኖ መቱ ውስጥ "ማን ቀረጸው?" ሲባል ለረጅም ጊዜ የሚጠራው የእሱ ስም ነበር። የእኔን ስም የሚጠራ አንድ ሰው እንኳን አልነበረም።

ያኔ ከመናኸሪያው ወደ ገበያው በሚያወርደው መንገድ ዳር አንዲት ጠባብ ሱቅ ነበረችኝ። ስልክ እጠግናለሁ፣ ሚሞሪ ላይ ዘፈን እጭናለሁ። ከጅማ በኩል መጥተው በቡና ንግድ እዚሁ የቀሩት አባቴ "ልጄ ዘፈን ጫኝ ነው" ማለት ስለሚያፍሩ፣ ሰው ሲጠይቃቸው "ኤሌክትሮኒክስ ላይ ነው" ይሉ ነበር። ጓደኛዬ ደግሞ አስተማሪ ነበር። ክፍል ውስጥ አፉ አላርፍ ቢለው ከሥራ አገዱት፤ ከዚያ ወዲያ ውሎው የእኔ ሱቅ ሆነ። በእኔ መብራት ስልኩን ቻርጅ ያደርጋል፣ የእኔ ወንበር ላይ እግሩን ዘርግቶ በኦሮምኛ ይጽፋል። አጻጻፉ ደግሞ! እኔም እዚሁ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ፤ ኦሮምኛ የምናገረው ከአማርኛ እኩል ነው። እሱ ሲጽፈው ግን አንጀት ይበላል። ሁለት መስመር ይለጥፋል፣ ሻዩ ሳይበርድ ከዓለም ዙሪያ ላይክ ይዘንብለታል። እኔ ፎቶዬን ስለጥፍ የአክስቴ ልጅ እዚሁ ከጎረቤታችን ቡሬ "ማሻአላህ" ትለኛለች፤ በቃ፣ እሷው ናት። ታዲያ አልቀናም? ቀናሁ! ከትምህርት ቤት ጀምሮ ስቀናበት ነው የኖርኩት፤ ምን ያስደብቀኛል?

ተማሪዎቹ ለተቃውሞ የወጡ ዕለት ሲዘንብ ነው ያረፈደው። እጃቸውን አናታቸው ላይ አጣምረው በሱቄ በር ሲያልፉ አየኋቸው። ትንሽ ቆይቶ ተኩስ ተሰማና ሰው በየአቅጣጫው ፈረጠጠ። እኔም ቆርቆሮ በሬን ገርበብ አድርጌ ከኋላው ተደበቅሁ።

ፊት ለፊቴ፣ ቦዩ ዳር፣ ነጋዴዎች ጋ ቡና በጆንያ የሚሸከመው ጎልማሳ ነበር። ሰልፍ አልወጣም። ዝናቡን ሽሽት ባዶ ጆንያ ራሱ ላይ ደርቦ ግድግዳ ተጠግቶ ነው የቆመው፤ ሌላው ሲሮጥ እሱ "ምን አጠፋሁና" ብሎ ስላልሮጠ ያዙት። ሦስት ፖሊሶች ናቸው። አንበረከኩት። እጁን ሽቅብ አነሳላቸው። ያነሳውን እጅ በዱላ መቱት። "ሃርካ ኮ! እጄን! ጌቶቼ፣ እጄን ተዉልኝ፣ የምበላው በእጄ ነው!" እያለ በሁለቱም ቋንቋ ይጮኻል። ይሄን ከሰሙ በኋላ ሌላውን አካሉን ትተው ጣቶቹን እየለዩ ይመቱ ጀመር።

ስልኬን በበሩ ክፍተት፣ የባትሪ ካርቶን ላይ አስደግፌ ሁሉንም ቀረጽኩ። ምስሉ ንቅንቅ አላለም። የሦስቱም ፊት ይታያል፣ የሰውዬው ቃል ይሰማል፣ ዱላው ሲያርፍ ይሰማል። ሲሄዱ ሁለት ሴቶች መጥተው ሰውዬውን ደግፈው አነሱት። እኔ ከበሩ ጀርባ አልወጣሁም።

የእኔ ገጽ ላይ ባወጣው ከአክስቴ ልጅ በቀር ማን ያየዋል? ስለዚህ ለጓደኛዬ ሰጠሁት።

"ማን እንደቀረጸው ጻፍበት" አልኩት።

"አብደሃል እንዴ? በማግስቱ ይለቅሙሃል።"

"አንተንስ?"

"እኔ በብዕር ስም ነኝ።"

የብዕር ስም! መቱ ላይ የብዕር ስሙን የማያውቅ ቢኖር የመናኸሪያው ፍየል ብቻ ነው። ፖሊሶቹም ይጠረጥሩታል፤ የጎደላቸው ማስረጃ ነበር። ቢሆንም የተናገረው እውነት ስለሆነ ስሜ ሳይጻፍ እንዲያወጣው ተስማማሁ።

ሳይመሽ አገር ምድሩ አየው። ውጭ አገር ያሉ ቴሌቪዥኖች ደጋግመው አሳዩት። በማግስቱ ሻይ ቤት ስንገባ ሰው ለእሱ ከመቀመጫው ይነሳል፣ ትከሻውን ይመታል፣ ጆሮው ሥር "ጎበዝ፣ እንዲህ ነው እንጂ!" ይለዋል። እሱም "ኧረ እኔ አይደለሁም" አይል፣ "እኔ ነኝ" አይል፤ አቀርቅሮ ሻዩን ያማስላል። እኔን አንዱ ዞር ብሎ "አንተ፣ የዚህ ስልክ ቻርጀር መጥቶልሃል?" አለኝ። ቅናት አጥንት ያነቅዛል ሲሉ ተረት ይመስለኝ ነበር።

ሳምንት ሳይሞላው ኢንተርኔቱን ዘጉት። ጓደኛዬ ድንገት ሥራ ፈት ሆነ፤ እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። አሁን ተራው የእኔ ነው። ኔትወርክ ሲጠፋ ሰው የሚያውቀው መንገድ ያው የድሮው ነው፤ ሚሞሪውን ይዞ ዘፈን መጫኛ ቤት ይመጣል። ዘፈን ሊያስጭን የመጣው ሁሉ ግራ ቀኙን አይቶ ድምፁን ዝቅ ያደርግና "የእሱንም ቪዲዮ ጨምርልኝ" ይለኛል። የእሱን ቪዲዮ! በእኔ ስልክ ተቀርጾ፣ ከእኔ ኮምፒውተር እየተገለበጠ፣ የእሱን ቪዲዮ!

በእኛ ሥራ ደግሞ ልማድ አለ። አንድ ዘፈን ጫኝ የሰርግ ጭፈራም ሆነ የቀልድ ቪዲዮ ቀድሞ ካገኘ፣ ሌላው ጫኝ እንዳይወስድበት መጀመሪያው ላይ የሱቁን ስምና ስልክ ቁጥሩን ይለጥፍበታል። እኛ ማህተም እንለዋለን። ማህተም የሌለው ቪዲዮ የማንም ነው። አንድ ከሰዓት፣ አንዱ መጥቶ ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ እንጃ "የእሱን" ሲለኝ እልህ ያዘኝ። ሰውዬውን "ቆይ" አልኩትና እንደ ሰርግ ቪዲዮ ሁሉ መጀመሪያው ላይ ማህተሜን አደረግሁበት። የሱቄ ስም፣ መቱ፣ ስልክ ቁጥር። ከበስተኋላው የምጠቀምባትን አጭር ሙዚቃ እንኳን አልተውኩም። በዚያ ሰው ጣት መሰባበር ላይ ሙዚቃ! አሁን ሳስበው ፊቴን የት እንደማደርገው ይጠፋኛል፤ ያኔ ግን ሥራዬን የጨረስኩ ነበር የመሰለኝ።

ከእጅ ወደ እጅ ሄደ። ኖፓ ገበያ ደረሰ፣ ሶር ፏፏቴ አጠገብ ያሉ ገበሬዎች ሳይቀሩ አዩት። የቡሬ መኪና የሚነዳ ደንበኛዬ በሱቄ በር ሲያልፍ ፍሬን ይዞ፣ "አንተ! ቡሬ ላይ እኮ ስምህን አየሁት!" ብሎ ጮኸልኝ። ቀኑን ሙሉ ጥርሴን መክደን አቃተኝ።

ጓደኛዬ ያየው ከሰው ስልክ ላይ ነው። ገርጥቶ መጣ።

"ይሄን ነገር አጥፋው" አለኝ። "አድራሻህን እኮ ነው የጻፍክላቸው።"

"ምነው? ቀናህ እንዴ?" አልኩት።

እኔ! ለእሱ! ዓይን ዓይኔን አየኝና ቁጭ አለ። ከኮምፒውተሩ አጠፋሁት፤ ከሰው ሚሞሪ ላይ ግን ምን አድርጌ ልሰብስበው? ከእጅ የወጣ አፋፍ ነው።

ፖሊሶቹ የመጡት ዓርብ ቀን፣ እኔ ጁምዓ ሄጄ ነው። ዓርብ ዓርብ ሱቁን ለእሱ ትቼለት ነበር የምሄደው። የሆነውን የነገሩኝ አጠገቤ ልብስ የሚሰፉት እትዬ ናቸው። አንደኛው ፖሊስ ስልኩን አውጥቶ ማህተሙን እያሳየ "የዚህ ሱቅ ባለቤት የታለ?" ብሎ ጠየቀ። ጓደኛዬ ከወንበሬ ተነሳ። "ባለቤቱ የሚያውቀው ነገር የለም። የቀረጽኩት እኔ ነኝ። ኮምፒውተሩን ሲተውልኝ ስሙን የለጠፍኩበትም እኔ ነኝ" አላቸው። ንግግሩን ሳይጨርስ በሰደፍ መቱት፤ ደሙ ከጆሮው እየወረደ እየጎተቱ ወሰዱት። እትዬ ይሄን ሲነግሩኝ እንባቸው ይወርዳል። "ጀግና እኮ ነው! ለካ የቀረጸው እሱ ኖሯል!" አሉኝ።

በዚያች ቅጽበት መጀመሪያ የመጣልኝን ሐሳብ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ሞተ፣ ዳነ አላልኩም። "ይሄንንም ወሰደብኝ!" ነው ያልኩት። አላህ ይቅር ይበለኝ። ፍርሃቱ የመጣው ቆይቶ ነው። በማግስቱ ጠርተው ሲጠይቁኝ "የማውቀው ነገር የለም፣ እሱ ያደረገውን እሱን ጠይቁት" ብዬ ፈረምኩ። ኮምፒውተሬን ወርሰው ለቀቁኝ።

ከዚያ የእሱ እናት ምሳ ዕቃ ይዘው በየቀኑ በሱቄ በር ማለፍ ጀመሩ። መጀመሪያ ሰሞን ምግቡን መልሰው ይሰጧቸው ነበር፤ አሁንም በማግስቱ አዲስ ሠርተው ይሄዳሉ። ሲያልፉ ቆም ይሉና "ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ እንዴት አደርክ? አንተን ሳይ እሱን ያየሁ ይመስለኛል" ይሉኛል። እኔም "አብሽሩ እማማ፣ ይፈታል" እላቸዋለሁ። ስንት ጊዜ አፌ ላይ መጥቶ መለስኩት! ኢንተርኔቱ ሲከፈት ደግሞ የእሱ ፎቶ ዓለምን ሞልቶታል። የማያውቁት ሰዎች ከገጻቸው ላይ የራሳቸውን ፎቶ አንስተው የእሱን አደረጉ፤ "ይፈታ!" ይላሉ። ፎቶውን ያነሳሁት ማን ሆነና? እኔ! ሱቄ በር ላይ፣ ጥሩ ብርሃን ፈልጌ፣ "አገጭህን ቀና አድርግ" ብዬ ያነሳሁት ነው። ሰው ጓደኛው እየተገረፈ በፎቶ ይቀናል? እኔ ቀናሁ።

ጊዜው ተቀይሮ እስረኞች ሲፈቱ እሱም ተፈታ። እናቱ ግቢ ሸራ ተወጥሮ ከተማው ግልብጥ ብሎ መጣ። ከስቷል፤ በግራ ጆሮው አይሰማም፣ ሰው ሲያናግረው ቀኙን ያዞራል። ሽማግሌዎች በኦሮምኛ መረቁት። እናቱ ለእኛ ለእስላሞቹም ለጴንጤዎቹም እንዲሆን ብለው ያልፈላ ብርዝ በጥብጠው፣ በማንቆርቆሪያ እየዞሩ ራሳቸው ይቀዳሉ። አንድ ሽማግሌ ተነስተው "ያንን ግፍ ቀርጾ ለዓለም ያሳየ ልጃችን ይናገር" አሉ።

ጓደኛዬ ተነሳ።

"እኔ ጽፌያለሁ። የቀረጽኩት ግን እኔ አይደለሁም" አለ። "ያኔ መናገር አይቻልም ነበር፤ ዛሬ ይቻላል። የቀረጸው እሱ ነው።" እጁን ወደ እኔ ዘረጋ።

ግቢው በጭብጨባ ተናጋ። እልልታው ቀለጠ። ያ ቡና ተሸካሚ ሰው በሕዝቡ መሃል ሰንጥቆ መጥቶ፣ በማይታጠፉት ጣቶቹ ፊቴን ይዞ ግንባሬን ሳመኝ። ስሜ ተጠራ፣ በሰው ሁሉ ፊት ተጠራ! ደስ አለኝ? አዎ፣ ደስ አለኝ። ቆሜ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ጎንበስ ቀና እያልኩ አመሰገንኩ።

ጭብጨባው በረድ ሲል እናቱ ማንቆርቆሪያውን እንደያዙ አጠገቤ ቆመው ነበር። የተቆጡ አይመስሉም። ሒሳቡ እንዳልገባው ሰው ነበር የሚያዩኝ።

"የቀረጽከው አንተ ከሆንክ፣" አሉኝ ቀስ ብለው፣ "ልጄ በማን ፈንታ ነው የተገረፈው?"

ጓደኛዬን አየሁት። በግራው በኩል ስለነበርን አልሰማቸውም፤ ከሽማግሌው ጋር ይስቃል። አጠገባችን የተቀመጡት ግን ሰምተዋል፤ ሁሉም ፊቴን ያያሉ።

"በእኔ፣ እማማ" አልኳቸው። "የሱቄን ስም የለጠፍኩበትም እኔ ነኝ። ሲጠይቁኝ አላውቅም ብዬ ፈርሜያለሁ።"

እሳቸው ማንቆርቆሪያውን አስተካክለው ያዙና ከእኔ በፊት ለተቀመጠው ሰው ቀዱለት። ከእኔ ቀጥሎ ለተቀመጠውም ቀዱለት። እኔን አለፉኝ።