በነፃ የሰጠሁት ፊደል

ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ የወረድኩት አመሻሽ ላይ፣ ጨው ነጋዴው ሀጂ ኡመር ከሚነዷቸው በቅሎዎች ኋላ ነው። ቀበሌው ለብሔራዊ ውትድርና ስሜን ይዞ ነበር። "አንተ ልጅ፣ ነገርህን በሆድህ ያዝ፤ ኬላ ላይ ከጠየቁህ የኔ በቅሎ ጫኝ ነህ" አሉኝ። በቅሎ እየነዳሁ ኬላውን አለፍኩ፤ በጅቡቲ አድርጌ ስዊድን ገባሁ።

ብርዱን አልፈራሁትም፤ የጣርማ በርን ውርጭ አውቃለሁ። ግን እዚያ "ግባና እሳት ሙቅ" የሚል ሰው አይጠፋም፤ እዚህ በሩ ሁሉ ዝግ ነው።

ኮምፒውተር ለብቻዬ፣ ቤተ መጻሕፍት ቁጭ ብዬ ተማርኩ። አማርኛ የሚጽፍ ፕሮግራም ሠራሁና አሠራሩን ሳልደብቅ፣ ገልብጡት፣ አሻሽሉት ብዬ በዲስክ ለፈለገ ሁሉ ሰጠሁ። የስደተኛ ማኅበራትና አንድ ጋዜጣ ሲበላሽባቸው እንድጠግንላቸው፣ የጎደለውን እንድጨምርላቸው በየወሩ ይከፍሉኝ ጀመር። የምኖረው በዚሁ ነው።

የመኖሪያ ፈቃድ የምትሰጠዋ ሴትዮ ግን አልገባትም።

"ምን ትሸጣለህ?"

"ምንም። በነፃ ነው የምሰጠው።"

"ታዲያ ማን ይከፍልሃል?"

"በነፃ የወሰዱት።"

መነጽሯን አወለቀች። "ለምን?"

"ሲበላሽባቸው ስለምጠግን።"

"እንግዲያው የምትሰጠው የተበላሸ ነገር ነው?"

የአንድ ዓመት ውል የሚፈርም ደንበኛ ካላመጣሁ ፈቃዱ እንደማይታደስ ነግራኝ ሸኘችኝ።

በሳምንቱ አንድ የማላውቀው ሰው ደወለ። የታረመ አማርኛ፣ ለስላሳ ድምፅ። "ወንድሜ፣ ፕሮግራምህን ወደነዋል። የአንድ ዓመት ውል እንፈራረም። የሚከፍሉህን ሰዎች ስም ብቻ ስጠን።"

"እናንተ እነማን ናችሁ?"

"መንግሥትህ ነን። ብርቄስ ደህና ናት? አሁንም ሱፍ ትፈትላለች?"

የእህቴን ስም ከየት አመጣው? ቆይቶ ገባኝ፤ ከራሴ ነው። አባቴ ብራና ጸሐፊ ነበር፤ መጽሐፍ ሲፈጽም በመጨረሻው ቅጠል ላይ የራሱንና የዘመዶቹን ስም አስፍሮ "በጸሎት አስቡን" ይላል። እኔ ሞኙም በፕሮግራሙ መጨረሻ የራሴን ስም ጽፌ "የደብረ ብርሃኗን ሱፍ ፈታይ እህቴን ብርቄንም አስቧት" ብያለሁ። ስንት ቦታ እንደተገለበጠ አላውቅም። መልሼ ልሰበስበው አልችልም።

የማንንም ስም አልሰጠሁትም። ስልኩን ዘግቼ እህቴ ቴሌ መጥታ እንድታናግረኝ ወደ ደብረ ብርሃን የስልክ ቀጠሮ አስያዝኩ። ከቤትሽ ወጥተሽ ዘመድ ጋ ሂጂ ልላት ነው። በአራተኛው ቀን ድምፅዋን ሰማሁ፤ በመካከላችን ደግሞ የሌላ ሰው ትንፋሽ ይሰማኛል።

"ወንድምዓለም! የላክኸው ሰው መጣኮ!"

"የቱ ሰው?"

"ሰላምታህን ያደረሰልኝ ነዋ! እንዴት ያለ ጨዋ ነው! እሁድ ምሳ ጠርቼዋለሁ። ምን ይወዳል?"

አፌን ከፈትኩ። ትንፋሹ መልሴን እየጠበቀ ነበር።