ከሲታው የብር ወንዝ አሳ

የመመረቂያ ጥናቴ የአሳ ዱቄት መሆኑን ስነግራት እናቴ «ለጎረቤት ግን ስለ ምግብ ነው በይ» አለችኝ።

ሐሳቤ ቀላል ነበር። ከብር ወንዝ የሚወጣውን አሳ አድርቄ፣ ፈጭቼ፣ በጾም ሽሮ ላይ የሚጨመር ዱቄት ማድረግ። ፍኖተ ሰላም እቤታችን ሆኜ የመጀመሪያውን ሠራሁ። የታየኝን ስብ ሁሉ በቢላ ለቅሜ አወጣሁ፤ አሳው ከሲታ ስለነበር ብዙም አልደከምሁ። በሦስተኛው ሳምንት ጣሳውን ስከፍተው ግን ቤቱ በክርፋት ተሞላ። እናቴ መስኮቱን ከፍታ ጣሳውን በሁለት ጣቷ ይዛ ወደ ጓሮ አወጣችው። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ወደ መጽሐፎቼ ተመለስሁ። ለካስ ችግሩ በዓይን የሚታየው ስብ አልነበረም። ሥጋው የተሠራባቸው ደቃቅ ሕዋሳት እያንዳንዳቸው ስስ ሽፋን አላቸው፤ ሽፋኑ ራሱ ስብ አለበት፣ አየር ሲያገኘው ቶሎ ይበላሻል። እሱን ለማላቀቅ የተፈጨውን አሳ በቀዝቃዛ ውኃ በጥብጦ፣ የሎሚ ጭማቂና ጥቂት የካልሲየም ጨው ጨምሮ፣ በኃይል ማሽከርከር ያስፈልጋል። ሥጋው ውኃው ውስጥ ይሟሟል፤ ሽፋኑ ተለይቶ ጥግ ይይዛል። ሎሚውን ከቡሬ ገበያ በዘንቢል አመጣሁ፣ ጨውም ነበረኝ። ማሽከርከሪያ ግን አልነበረኝም።

በከተማችን ያገኘሁት ብቸኛ ነገር አንድ የወተት ማኅበር ክሬም የሚለይበት፣ በእጅ የሚዘወር ማሽን ነው። ዐቢይ ጾም ስለነበረ ሥራ ፈትቶ፣ ጨርቅ ተደርቦበት ተቀምጧል። የሚይዙት ሽማግሌ ከክርፋቱ ጀምሬ ስነግራቸው በትዕግሥት አዳመጡኝ።

«ልጄ፣ ለፋሲካ የሰው ቅቤ አሳ አሳ ቢሸት ማን ፊት እቆማለሁ?»

«በፈላ ውኃ አጥቤ ነው የምመልስልዎ፣ ጋሼ።»

«ሳትጀምሪም እጠቢው እንጂ። የጾም ዱቄትሽ ውስጥ የወተት ጠብታ ቢገኝ ለአንቺም አይበጅ።»

አጠብነው። በማለዳ፣ ውኃው ጣት በሚያደነዝዝበት ሰዓት ጀመርን። እሳቸው ዘወሩ፣ እኔ አፈሰስሁ፤ ክንዳቸው ሲዝል ተቀያየርን። በአንደኛው አፍ ጠራ ያለ ፈሳሽ ወጣ። ማሽኑን ስንፈታው ውስጡ በተደራረቡት ስስ ሳህኖች ላይ ግራጫ፣ ዝልግልግ ነገር ተለጥፏል። በጣቴ ጠርጌ አሳየኋቸው።

«ያን ሁሉ ያከረፋው ይኸ ነው?»

«እሱ ነው።»

«ከዚህች ኮሳሳ አሳ ይህን ያህል?» አሉና ተጠግተው እንደገና አዩት።

የሎሚውን ኮምጣጣነት ለመስበር ፈሳሹ ላይ የምግብ ሶዳ ጨመር ሳደርግ እንደ አይብ ተቋጠረ። አጥልዬ አደረቅሁት፣ ፈጨሁት። የገረጣ፣ ደቃቅ ዱቄት ሆነ። ማሽኑን በሎሚ ልጣጭና በፈላ ውኃ ሦስት ቀን ስፈትግ ሰነበትሁ። ሽማግሌው አሁንም አላመኑኝም፤ ቅቤ አዋቂ የሆኑ ሦስት ሴቶች ጠርተው አስፈተሹት። ሴቶቹ ተራ በተራ ጎንበስ ብለው አሸተቱና ምንም የለበትም አሉ። ያኔ ነው የተነፈስሁ።

ዱቄቱ ክረምት እስኪገባ ሽታው ሳይለወጥ ቆየ፤ ጥናቴም አለፈ። እናቴ በሽሮ ሠርታ ቀመሰችውና፣ «ጣዕሙንም አብረሽ አወጣሽው» ብላ በርበሬ ጨመረችበት። ሳህኑን ግን ጨረሰችው።

ፍልሰታ ሲገባ ማሽኑ እንደገና ሥራ ፈታ። ሽማግሌው ሰው ላኩብኝ። ስደርስ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ አሳውን ራሳቸው ገዝተው ሲጠብቁኝ አገኘኋቸው።