ሰማያዊዋ ቮልስና የጋሪው ፈረስ

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ከስድስተኛ ክፍል ካቆምኩ ወዲህ እስክሪብቶ የምይዘው ቆዳ ላይ መስመር ለማስመር ብቻ ነው። ይህን የምጽፈው ሰዎች ስለ ቮልሷ ሲጠይቁኝ አንገቴን ደፍቼ «አጎቴ ይንገራችሁ» ስለምል ነው። አጎቴ ደግሞ ሲያወራው ሲያወራው፣ ያን ቀን የጮኸው እሱ ሆኖ ቁጭ አለ።

አዳማ ውስጥ የመኪና ወንበር ልብስ እሰፋለሁ። የስፌት መኪናዬ ያለችው አጎቴ ጋራዥ ጥግ ላይ ነው። ደንበኛ የሚያነጋግረው እሱ ነው፤ እኔ ለክቼ እሰፋለሁ። የሰው መኪና ሳለብስ ኖሬ አንድ ቀን የራሴን ማልበስ አማረኝ። የተመኘሁት አሮጌ ቮልስ ነበር። ልጅ ሳለሁ ሰፈራችን አንዲት ቮልስ ነበረች፤ ስትነሳ የምትስቅ ይመስለኝ ነበር።

ዕቁብ የደረሰኝ ሰሞን፣ ቢሾፍቱ አንዲት እናት ለዓመታት የቆመች ቮልስ ሊሸጡ መሆኑን አጎቴ ሰማ። በሚኒባስ ሄድን። ቮልሷ ግቢያቸው ውስጥ ማንጎ ዛፍ ሥር ቆማለች። ሰማያዊ ቀለሟን ዝገት አዥጎርጉሮታል። የኋላ ወንበሯ ላይ ዶሮ ዕንቁላል ታቅፋለች።

«ቀስ በሉ፣ እንዳታስደነግጡብኝ» አሉ እማማ።

«እማማ፣ ዶሮዋም አብራ ትሸጣለች?» አለ አጎቴ።

«ዶሮዋ ትሠራለች! አንተ የማትሠራዋን ውሰድ።»

ሳቅን። እኔ ግን ወንበሩን አይቼ ልቤ ሄዶ ነበር። ዶሮዋን በእጄ መለስ አድርጌ ስፕሪንጉን ጫን አልኩት፤ ደህና ነው። ወዲያው በቀይ ቆዳ ተለብጦ ታየኝ።

አጎቴ ከኋላ ያለውን ሞተር አይቶ ደስ አለው። ከዚያ የፊቱን ኮፈን ከፈተና ጎንበስ ብሎ በጣቱ ዳበሰ። የመኪናዋ መለያ የሆነው የሻንሲ ቁጥር የተመታባት ትንሽ ቆርቆሮ የለችም፤ ያለችበት ቦታ ላይ ሁለት ቀዳዳ ብቻ ቀርቷል። ወለሉ ላይ የተቀረጸውንም ቁጥር ዝገት በልቶት መጀመሪያው ብቻ ይነበባል።

«እማማ፣ ሊብሬው ላይ ያለው ቁጥር መኪናዋ ላይ ካልታየ ስም አይዞርልንም። ስም ካልዞረ ደግሞ መንገድ ላይ አትወጣም።»

«እኔ ምን አውቄ! ባሌ ከሞተ ወዲህ ነክቻትም አላውቅ። በቃ፣ ቅዳሜ ለቁራሌው እሰጣታለሁ፤ ቆራርጦ ይውሰዳት።»

ቆራርጦ ሲሉ እጄን ቮልሷ ላይ ጫንኩ። አጎቴ የሊብሬውን ፎቶ በስልኩ አንስቶ «እስቲ ሰው እጠይቃለሁ» ብሎ ተሰናበተ። ሲጠይቅ ቅዳሜ እንደሚደርስ እያወቅኩ ተከተልኩት።

ወደ መናኸሪያ ጋሪ ያዝን። ባለጋሪው ፈረሱን እንደ ሙሽራ አሽሞንሙኖታል፤ አንገቱ ላይ ቀይ ሱፍ፣ ከሱፉ ሥር ቃጭል። አጎቴ ስልክ ያወራል። መታጠፊያው ላይ ፈረሱ አንገቱን ሲያዞር ግንባሩ ላይ አንዲት ቆርቆሮ አብረቀረቀች። ፊደልና ቁጥር ተመትቶባታል። ግራና ቀኟ ቀዳዳ አለ።

የአጎቴን እጅጌ ጎተትኩ።

«ቆይ» አለኝ።

ደግሜ ጎተትኩ።

«ቆይ እንጂ አንቺ!»

መናኸሪያው ቀረበ። ያኔ ከየት እንደመጣ የማላውቀው ድምፅ ከአፌ ወጣ፦

«አቁመው! ፈረሱን አቁመው!»

ባለጋሪው ልጓሙን ሳበ። ከኋላችን የነበረው ባጃጅ ለጥቂት ሳተን።

«ምን ወደቀ? ሰው ወደቀ?»

«ምንም አልወደቀም... የፈረሱ ግንባር...»

«ግንባሩ ምን ሆነ?» ብሎ ዘሎ ወረደና ፈረሱን ይዳብሰው ጀመር።

አጎቴም ወረደ። ቆርቆሮዋን አየ፣ ፎቶውን አየ፣ ቁጥሩን ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ። ከዚያ አስፋልቱ መሐል እስክስታ ወረደ።

ባለጋሪው ነገሩ ሲገባው ፈገግ አለ። «ይቺን የሰጡኝ የመኪናዋ ባለቤት ጋሼ ራሳቸው ናቸው፣ ነፍሳቸውን ይማር። ዓይናቸው ደክሞ መንዳት ሲያቆሙ ቤተ ክርስቲያን የማደርሳቸው እኔ ነበርኩ። ‹የእኔዋ ከእንግዲህ አትሄድም፤ ቁጥሯ የሚሄድ ነገር ላይ ይሁን› ብለው ነቅለው ሰጡኝ። ፈረሴን ከክፉ ዓይን ትጠብቀዋለች።»

«እኛ እኮ ልናስነሳት ነው» አልኩት።

«ፈረሴ ግንባሩን ባዶ አድርጎ አይወጣም፣ ኦቦሌቲ» አለኝ፤ እኅቴ ማለቱ ነው በኦሮምኛ።

«ከወንበሯ ቀይ ቆዳ እሰፋለታለሁ። መሐሉ ላይ መስታወት አደርግበታለሁ። ከዚች የበለጠ ያበራል።»

«እስኪሰፋስ?»

የአንገቴን ሻርፕ ፈትቼ ሰጠሁት። ፈረሱ ግንባር ላይ ሲያስረው ከእኔ ይልቅ ፈረሱ አማረበት።

ጋሪውን አዙረን ተመለስን። እማማ ቆርቆሮዋን ተቀብለው በነጠላቸው ጠረጓትና «ይኼ ሰውዬ! ለፈረስ የነገረውን ለእኔ ሳይነግረኝ ሞተ!» ብለው እስኪያነቡ ሳቁ። ቁራሌው ቀረ። እኛ ግን ቮልሷን ለመጫን ዶሮዋ እስክትፈለፍል መጠበቅ ነበረብን፤ እማማ በዚህ አልተደራደሩም።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ነው። አጎቴ ቆርቆሮዋን ቦታዋ መለሳት፤ የትራንስፖርት ቢሮው መርማሪ ከሊብሬው ጋር አመሳክሮ ስም አዞረልን። አጎቴ ሞተሩን ሠራ፣ እኔ ቀዩን ወንበር ሰፋሁ፣ መንጃ ፈቃድ አወጣሁ። መጀመሪያ ስትነሳ፣ እንደ ልጅነቴ ሳቀች።

የመጀመሪያው ጉዞዬ ቢሾፍቱ ነበር። የፈረሱ ጌጥ አጠገቤ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ከተማው ውስጥ ስገባ ከፊቴ አንድ ጋሪ ቀስ እያለ ይሄዳል፤ ፈረሱ አንገቱን ሲያዞር ግንባሩ ላይ ሻርፔ ይታየኛል። መጥራት አፈርኩ፤ ማለፍም አፈርኩ። ባጃጆች ጥለውኝ እያለፉ፣ እኔ በአንደኛ ማርሽ ከኋላው ተንፏቀቅኩ። ባለጋሪው የቮልሷን ድምፅ ሰምቶ ዞረና ጋሪው ላይ ተነስቶ ቆመ፦

«ኦቦሌቲ! ፈረሴን በጩኸት ስታስቆሚ ያላፈርሽ፣ ዛሬ ክላክስ ማድረግ ታፍሪያለሽ? አድርጊ እንጂ!»