የመሳፍንቱን ቤት የቆጠርሁበት ወረቀት

የአንድ የጀርመን መሳፍንት ቤት የዘር ሐረግ ከነጋብቻው በቃሌ አውቃለሁ። የትኛው መስፍን ሚስቱ ሞታበት ሌላ እንዳመጣ፣ የትኛዋ ልዕልት ለየትኛው ንጉሥ እንደተዳረች ብትጠይቁኝ ሳልደናቀፍ እቆጥራለሁ። ሞጣ ከተማ ታሪክ ሳስተምር በትልቅ ወረቀት ስዬ ክፍል ውስጥ ሰቅዬው ነበር። መሳፍንቱ የአጎትና የአክስት ልጅ ያገቡ እንደነበር ስናገር ተማሪዎቹ አፋቸውን ይዘው ይስቃሉ። «ቲቸር፣ ዝምድና የሚቆጥርላቸው ሽማግሌ አልነበረም?» አለችኝ አንዷ። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

በዚያው ዓመት አብራኝ ለምትኖረው ታናሽ እህቴ አንድ ሞጣ የሚሠራ ነርስ ሽማግሌ ላከ። ትወደው ነበር። አባቱ ግን እንደ እኛ የቢቸና ሰው ስለሆኑ፣ እንዳገሩ ወግ ዝምድናቸው እስከ ሰባት ቤት መቆጠር ነበረበት። ይህ የአክስቴ፣ የአባቴ ታላቅ እህት፣ ሥራ ነው፤ ቢቸና ላይ እሳቸውን ሳያስቆጥር ልጁን የሚድር ጥቂት ነው። እኔ ተማርሁ ባዩ ግን ማንበብ የማይችሉ አሮጊት ዘንድ ምን ያስኬዳል አልሁ። ከአባቴና ከልጁ አባት የሰማሁትን ስም ሁሉ ልክ እንደ መሳፍንቱ አድርጌ ወረቀት ላይ ሳልሁት። አምስተኛው ቤት ላይ ሁለቱ ወገኖች አንድ የሩቅ አያት ዘንድ ገጠሙ፤ ልጁ ከወንድ ልጃቸው፣ እኛ ከሴት ልጃቸው። ሽማግሌዎቹ ፊት ቆሜ አነበብሁት። እውነቱን ለመናገር ኩራት ተሰምቶኝ ነበር። «እግዜር አተረፈን!» ብለው ተነሡ፤ ጋብቻው ቀረ። እህቴ ብርጭቆዎቹን ሰብስባ ወደ ጓዳ ገባች።

ከወራት በኋላ ቢቸና ሄጄ ወረቀቱን ለአክስቴ አነበብሁላቸው። ያቺ ሴት ልጅ ላይ ስደርስ እጄን ያዙኝ።

«እሷማ የንጀራ ልጁ ናት! እናቷ ከሌላ ባል ወልዳ ይዛት ነው የገባች። ያኛው ልጅ ከፊተኛዪቱ ሚስት የተወለደ ነው። ምን ደም አላቸው?» እጄን ለቀው፣ «ምነው ብትጠይቀኝ፣ ልጄ?» አሉኝ።

የጀርመኑን መስፍን የፊተኛና የኋለኛ ሚስት ልጆች ለይቼ አስተምራለሁ፤ የራሴን አያት ቤት ግን አላውቅም። «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» የሚባለው ለእኔ ነው።

ያን ጊዜ ነርሱ ሌላ ሴት ሊያገባ አንድ ወር ቀርቶት ነበር። ሽማግሌዎቹን ጠርቼ ተሳስቻለሁ ማለት ብቻ ነበረብኝ። አፈርሁ። ተማሪዎቼ ምን ይሉኛል አልሁ። ሠርጉ ካለፈ በኋላ ደግሞ አሁንማ ምን ይጠቅማል እያልሁ ራሴን አታለልሁ። ፈሪ ነበርሁ፤ ሌላ ስም የለውም።

ሁለት ዓመት ቆይቼ፣ በፋሲካ ማግስት ለእህቴ ነገርኋት። የታጠበ ልብስ እያጠፈች ነበር፤ ማጠፏን አላቆመችም።

«አውቃለሁ፣ ወንድምዓለም። አክስቴ አንተ በተመለስህ በሳምንቱ ነግረውኛል።»

«ሳያገባ?»

«ሳያገባ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«እኔ ብናገር ባል ፈልጋ ነው ይሉኛል። ሽማግሌ ፊት ያነበብኸው አንተ ነህ፤ ያን ማፍረስም የምትችል አንተ ነበርህ። እስከ ሠርጉ ቀን፣ ከትምህርት ቤት በገባህ ቁጥር፣ ዛሬ ይናገራል እያልሁ ጠበቅሁህ።»