የማን ደም ነው?

በ1973 ዓ.ም. የአርባ ሁለት ዓመት ሰው ነበርሁ። እኔ ባሕር ዳር አጠገብ ሰባታሚት አርሼ እበላለሁ፤ ታላቅ ወንድሜ ደግሞ ከጣና ደሴቶች በአንዱ ቅኔ ያስተምራል። አገሩ ሁሉ «የኔታ» ይለዋል፤ አንተ የምለው እኔ ብቻ ነበርሁ። በጥቅምት ደም አስታወከውና ተማሪዎቹ በታንኳ ባሕር ዳር አደረሱት። እኔም አስታማሚ ሆኜ አብሬው ሆስፒታል ገባሁ።

ሐኪሙ ደም ያስፈልገዋል አለ። የኔን ቅዱ ብዬ ክንዴን ዘረጋሁ። መርምረው ያንተ አይሆነውም አሉኝ። ከአንድ አባትና እናት ተወልደን፣ አንድ ጡት ጠብተን፣ የኔ ካልሆነው የማን ሊሆነው ነው? ከሰዓት በኋላ ነርሷ ሙሉ ጠርሙስ ይዛ መጣች። የማን ደም ነው ብላት የሰጪው ስም አይነገርም አለችኝ። በእነዚያ ዓመታት ስሙ የማይነገር ሰው ብዙ ነበር፤ የፈሰሰ ደምም ብዙ ነበር። አላመንኋትም።

ከዚያ በፊትም በጥርጣሬ እከታተላት ነበር። ወንድሜን ልትነካው ስትመጣ እጇን በሳሙና ትታጠባለች፤ ነክታው ስትሄድም ትታጠባለች። ሰው ጉልበቱን የሚስመው መምህር ላይ ምን ርኵሰት አገኘችበት ብዬ ተናደድሁ። ኋላ ሳይ፣ ከጎኑ ለተኛው እግሩ ለመገለ ገበሬም እንደዚያው ናት። መግል በነካ እጅ ወደ ወንድሜ አልመጣችም። ይኼን ልብ ብዬ አይቻለሁ፤ ጥርጣሬዬ ግን አልለቀቀኝም።

ጠርሙሱን ሰቅላ ቶሎ አልሄደችም። ጠብታውን እያየች፣ የእጁን ትርታ እየለካች ከአጠገቡ ቆየች። ከዚያ በወዲያኛው ክፍል አንዲት ወላድ ደም እየፈሰሳት ነው ብለው ጠሯት። ያን ቀን ነርስ እሷ ብቻ ነበረች፤ የጤና ረዳቱም ከወላዷ ዘንድ ነበር። ወደ እኔ ዞራ ቢንቀጠቀጥ፣ ቢያሳክከው፣ ወገቡን ቢያመው፣ ትንፋሽ ቢያጥረው ወዲያው ጥሩኝ አለች። ጠርሙሱንና ቱቦውን ግን እንዳልነካ አስጠነቀቀችኝ።

«እስቲ ይድገሙልኝ» አለች።

አልደግምም አልሁ። በቀበሌው አዳራሽ ድገም ሲሉህ የሚጽፍ ሰው አለ ማለት ነው። አንድ ጎረቤቴን የደገመው ቃል ወህኒ አውርዶታል። ይቺም ክፉ ነገር ቢመጣ ነግሬው ነበር ልትልብኝ ነው ብዬ አሰብሁ።

«ጋሼ፣ ካልደገሙልኝ መሄድ አልችልም። ሴትዮዋ ደግሞ ደሟ እየፈሰሰ ነው» አለች።

ወንድሜ ራሱን ከትራሱ ሳያነሣ፣ «ዳዊት ደግመህ አታውቅ፤ ይቺን እንኳ ድገም እንጂ» አለኝ።

ደገምሁላት። የዘለልሁትን ወገብ ጨምራልኝ ሮጠች።

ብዙም ሳይቆይ ወንድሜ ተንቀጠቀጠ፤ ጥርሱ ተንገጫገጨ። ወባዬ ተነሣች፣ ጋቢ ደርብልኝ አለ። ጥቅምት ነው፤ በሐይቁ ዳር በጥቅምት የማይንቀጠቀጥ የለም። የገበሬው ሚስትም ከወዲያ ሆና፣ ወባ ናት፣ ሲያልበው ይለቀዋል፣ ይሸፍኑት አለችኝ። እኔም ስንት ጊዜ የተሻለኝ እንደዚያ ተሸፍኜ ነው። ጋቢውን አነሣሁ።

ጋቢው እጄ ላይ እንዳለ አንድ ሐሳብ መጣብኝ። ይቺ ሴት እንደሚንቀጠቀጥ አስቀድማ እንዴት አወቀች? በጠርሙሱ ውስጥ ያለውን ብታውቀው ነው እንጂ። ጋቢውን ጣልሁና ወደ ወላዷ ክፍል እየጮኽሁ ሄድሁ።

«ያልሽው መጣ። ምንድን ነው የሰቀልሽበት?»

የጤና ረዳቱን የወላዷን ሆድ እንደያዝህ እንዳትለቅ አለችው፤ ዘበኛውን ሐኪም እንዲጠራ ላከችው፤ ጓንቷን አውልቃ፣ እጇን ውኃ አስነክታ መጣች። ደሙን ዘጋች። መርፌውን ከክንዱ ሳትነቅል ቱቦውን ለውጣ የጨው ውኃ ሰቀለችለት። የደሙን ጠርሙስ ከነቱቦው ለብቻ ስታስቀምጥ ሳይ ልትደብቀው ነው ብዬ መንገዱን ዘጋሁባት። አይጣልም፣ ላቦራቶሪ ሄዶ ይመረመራል አለችኝ።

ሐኪሙ እንደ ገባ ማን ነበር አጠገቡ ብሎ ተቆጣ። አሁን ወደ እኔ ትጠቁማለች ብዬ ቆምሁ።

«ትቼው የሄድኩት እኔ ነኝ» አለች። «እሳቸው ያልኳቸውን አድርገዋል። የምጠየቀው እኔ ነኝ።»

በዚያ ዘመን አለቃ የሆነ ሰው ጥፋት ሲመጣ ከበታቹ ላለው ሲጥል እንጂ ወደ ራሱ ሲስብ አይቼ አላውቅም ነበር።

ወንድሜን መድኃኒት ወጉት፤ ማምሻውን መንቀጥቀጡ ተወው። ወላዷም ተረፈች። ላቦራቶሪው ደሙ ልክ ነው፣ ጠርሙሱም የእሱ ነው አለ። ታዲያ ለምን ተንቀጠቀጠ ብዬ ያዝኋት።

«አንዳንድ ሰውነት የሚስማማውንም ደም ይቆጣዋል። የእሳቸው ለምን እንደተቆጣ አላውቅም» አለች። «ነገ ሌላ ጠርሙስ ያስፈልጋቸዋል።»

እኔ ግን ከተማሪዎቹ ጋር ተነጋግሬ፣ በጧት ወደ ደሴቱ የሚመልሰን ታንኳ አስይዤ ነበር። ወንድሜን ምን ትላለህ ብዬ ብጠይቀው፣ «አንተ ጠርጥር፤ እኔ ልተኛ» አለኝና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

በማግሥቱ ጧት ወደ ሐይቁ ወርጄ ባለታንኳውን አትጠብቀን አልሁት። ለምን ቢለኝ ሌላ ጠርሙስ ሊሰቀልለት ነው አልሁት።

«የማን ደም ነው?» አለኝ።

«እንጃ። የምትሰቅለዋን ግን አውቃታለሁ» አልሁትና፣ ጠርሙሱ ሳይመጣ ልድረስ ብዬ ሽቅብ ተመለስሁ።